ለተያዘ አንደበት የደረሰ ምርምር

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኤኤልኤስ በተባለው የነርቭ ሕመም ምክንያት አንደበቱ እየተያዘ ነው። ከአንጎል አንብቦ የሚናገር መሣሪያ መሠራቱ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. የምርምራቸውን ውጤት ይፋ አድርገዋል። በአንድ የኤኤልኤስ ታማሚ አንጎል ውስጥ ንግግርን በሚያንቀሳቅሰው ክፍል 256 ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ተከሉ። ሰውየው ለመናገር ሲሞክር ኮምፒውተሩ የነርቮቹን ምልክት ለቅሞ ቃሉን ስክሪን ላይ ይጽፋል፤ የቀድሞ ድምፁን አስመስሎም ያነብለታል። ትክክለኛነቱ እስከ 97 በመቶ ደርሷል። መሣሪያው የሚለየው የመናገር ሙከራን እንጂ የልብ ምስጢርን አይደለም።

ሥራው ገና ምርምር ላይ ነው፤ የራስ ቅል ቀዶ ሕክምናም ይጠይቃል። እርስዎ ግን የወንድምዎን ድምፅ ጨርሶ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ይቅዱለት፤ በዓይን እንቅስቃሴ ስለሚሠሩ የመጻፊያ መሣሪያዎችም ሐኪሙን ያማክሩ።