የሰውነት መጠንና የግጦሽ ድርሻ

በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ከሚገናኘው ከጥቁር ዓባይ ገባሮች አንዱ ዲንደር ነው። ይህ ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል። በስሙ የሚጠራው የዱር አራዊት ፓርክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 የተከለለ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል የአልጣሽ ፓርክ ይጐራበተዋል። ክረምት አልፎ ወንዙ ሲጐድል፣ የአገሩ ሰዎች «ማያ» የሚሏቸው ረግረጎች ውሃና ለምለም ሣር ይዘው ይቀራሉ። በበጋ ጎሽም፣ ደፈርሳም፣ ቦሖርም፣ ፌቆም ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ታዲያ እነዚህ ሁሉ በአንድ መስክ ላይ እንዴት ይኖራሉ?

ምክንያቱ የሰውነታቸው መጠን መለያየት ነው። እንስሳ በተለቀ መጠን የሚያስፈልገው ምግብ በጠቅላላው ይበዛል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ሲታሰብ ግን ያንሳል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎሽ 15 ኪሎ ግራም ከምትመዝን ፌቆ 33 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ የሚያስፈልገው የምግብ ኀይል ግን የርሷን 14 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሆዱ ሰፊ ስለ ሆነ ምግቡን ረዥም ጊዜ ይዞ ያብላላል፤ ስለዚህ ሻካራውና ደረቁ ሣር ይበቃዋል። ፌቆ ግን ሆዷ ጠባብ በመሆኑ፣ ለጋውን ቅጠልና ቡቃያ በቀጭን አፏ እየመረጠች ትለቅማለች። ይህን ሥርዓት ሪቻርድ ቤል በ1971፣ ፒተር ጃርማንም በ1974 የአፍሪካን አራዊት አጥንተው አስረድተዋል።

ሣሩ ረዥም ሲሆን ትልቁ እንስሳ ላዩን አጭዶ ለትንሹ ቡቃያውን ይገልጥለታል። ሣሩ ባጠረ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትንሹ ከመሬት የቀረውን ሲለቅም፣ ትልቁ በአንድ ጕርሻ የሚበቃውን አያገኝም።

በዲንደር ዙሪያ የትራክተር እርሻ እየሰፋ የግጦሹን ቦታ ስላጠበበው፣ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ወደ ፓርኩ ማስገባታቸው የቈየ ችግር ነው። ላም በክብደትም በአፍም ለጎሽ ስለምትቀርብ፣ ከፌቆ ይልቅ የጎሽን ድርሻ ትሻማለች።

ከዚህ ለከብት አርቢውም ለሹሙም ትምህርት ይገኛል። በሞቃት አገሮች 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከብት እንደ አንድ መለኪያ ሲያዝ፣ ፍየል ብዙ ጊዜ የርሱ አንድ ዐሥረኛ ተደርጋ ትቈጠራለች። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ዐሥር ፍየሎች በክብደት ከአንዱ በሬ ቢተካከሉም፣ የሚሹት የምግብ ኀይል ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በሌላ ወገን ፍየል ቍጥቋጦ ስትቀነጥብ በሬ ሣር ይግጣልና፣ ሁለቱን አቀላቅሎ ማርባት መስኩን በሚገባ ያስጠቅማል።

ስለዚህ የመስክን አቅም የሚመረምር ሰው የከብቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ክብደቱን፣ የሚመርጠውን ምግብና የሣሩን ቁመት አብሮ ሊያይ ይገባዋል። ከብቱንም ሣሩ እስከ ሥሩ ሳይጋጥ ወደ ሌላ መስክ ማዛወር ይሻላል፤ በሬው ከከሳ በኋላ መስክ መለወጥ የዘገየ ብልኀት ነው።