የክርን ቆዳ መድረቅና መሰንጠቅ

ሰው ፊቱንና መዳፉን በየቀኑ ያያል፤ ክርኑን ግን የሚያስታውሰው ሲያመው ነው። ነገሩ ጥቃቅን ቢመስልም የሚናቅ አይደለም። የተሰነጠቀ ቆዳ እንደ ተከፈተ በር ነው፤ ቆሻሻና ተሕዋስያን ይገቡበታል፤ ከዚያም ያመረቅዛል።

ስለምን ይደርቃል?

ቆዳችን በተፈጥሮው ቅባት አለው። ቅባቱም በቆዳው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን ይከለክላል። በክርን ላይ ግን ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ጥቂት ናቸው። ደግሞም እጃችንን ባጠፍንና በዘረጋን ቁጥር ቆዳው ይለጠጣል። ጠፍር ሲለሰልስ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ሲደርቅ ግን በታጠፈበት ይሰነጠቃል። የክርንም ነገር እንዲሁ ነው።

ድርቀቱን የሚያብሱት እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ የበጋ ደረቅ አየርና ነፋስ፤
2ኛ/ በልብስ ሳሙና እስከ ክርን ተነክሮ ማጠብ፤
3ኛ/ በጣም በሞቀ ውሃ ብዙ ጊዜ መታጠብ፤
4ኛ/ ክርንን በጠረጴዛ ወይም በመደብ ላይ ማስደገፍ።

ምን ይደረግ?

ክርንን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ የገላ ሳሙና ማጠብ፤ ሳሙናውንም በሚገባ ማስለቀቅ። በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ መታ መታ እያደረጉ ማድረቅ። ከዚያም ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፤ ያለውን ውሃ ግን ይይዛል። ስለዚህ በደረቀ ክርን ላይ ከመቀባት ከታጠቡ በኋላ ወዲያው መቀባት ይበልጣል። ግሊሰሪን የሚጠቀም ሰው ንጹሕ ውሃ ይደባልቅበት። ማታ ሲተኙ ወፈር አድርጎ ቀብቶ ንጹሕ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ ይረዳል። ይህንንም ጧትና ማታ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው፤ አንድ ቀን ተቀብቶ መተው አይጠቅምም።

ምን አይደረግ?

ክርንን በድንጋይ መፈተግ ቆዳውን ያቆስላል። ሎሚ ማሸት ያቃጥላል። ከገበያ በጓደኛ ምክር የተገዛ የመድኃኒት ቅባትም አይቀባም፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉና።

ድርቀት ብቻ ያልሆነ እንደ ሆነስ?

ማታ ማታ የሚያሳክክ ከሆነ፣ በጣቶች መካከልም ሽፍታ ካለ፣ ከቤተሰቡም ሌላ ሰው የሚያክ ከሆነ፣ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ የሚድነው ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲታከምና ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ነው።

በሁለቱም ክርኖች፣ በጉልበቶችም ላይ ብርማ ቅርፊት ያለው ወፍራም ቆዳ ከታየ፣ ሶርያሲስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ቀለሙ የተለወጠ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ቶሎ ከታከመም አካል አያጎድልም።

አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያችን መጥተው ክርናቸውን ለማሳየት አፈሩ። ጎረቤት «የሥጋ ደዌ ነው» ብሎ አውርቶባቸው ኖሮ ቡና መጣጣት ከተዉ ከርመዋል። ዓይናቸውን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው ሁሉም ቦታ ተሰማቸው። ሌላም ምልክት አልነበረም። በየቀኑ በድንጋይ እየፈተጉ ነበርና መፈተጉን አስተውኩ፤ ቫዝሊንም ጧትና ማታ ተቀቡ። በሦስተኛው ሳምንት ክርናቸው ለሰለሰ። እሳቸውን ከድርቀቱ ይልቅ የጎዳቸው ወሬው ነበር እኮ!

እንግዲህ ሳናውቅ በሰው ላይ በሽታ አንለጥፍ። ክርኑ ካበጠ፣ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም በሦስትና በአራት ሳምንት ካልተሻለው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። ከዚያ በፊት ግን ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ቫዝሊንና ትዕግሥት ብዙ ይሠራሉ።