ትምህርት 11፦ ቡችላ እንዴት ያድጋል? እንዴትስ ይማራል?

በዚህ ትምህርት የምናጠናው ጊዜን የሚያመለክቱ ጥገኛ ሐረጎችን ነው፤ እነርሱም «ሳይ-»፥ «ሲ-»፥ «እስኪ-»፥ «እንደ-» እና «ከ... በኋላ» የሚገቡባቸው ናቸው። ለምሳሌነት የቡችላን አስተዳደግ መርጠናል፤ በቡችላ ሕይወት የጥቂት ሳምንት መቅደምና መዘግየት ብዙ ነገር ይለውጣልና። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተከደነ፥ ጆሮውም የተደፈነ ነው። የእናቱን ጡት ፈልጎ የሚያገኘው በማሽተትና በመዳሰስ ነው። የገላውን ሙቀት በራሱ ለመጠበቅ ስለማይችል ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ሲለይ ይበርደዋል፤ እያላዘነም ይጣራል። ዓይኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል፤ ጆሮው ጥቂት ዘግይቶ ይከፈታል። በ3ኛው ሳምንት ግድም የወተት ጥርሶቹ ብቅ ሲሉ እየተንገዳገደ መራመድ ይጀምራል።

ዋናው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ ቡችላው ማንን ማመን፥ ምንንስ መፍራት እንዳለበት ይለያል። ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል አጥብቆ የነከሰ እንደሆነ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቋረጣል። ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው በዚህ ዓይነት ነው። «ቶሎ ይልመደኝ» በማለት 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የሚነጥሉት ሰዎች ይህን ትምህርት ያስቀሩበታል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፥ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። በአጥር በተከለለ ሜዳ ቡችሎችን ከሰው አርቀው አሳደጉ። አንዳንዶቹን በ2ኛው፥ በ3ኛው፥ በ5ኛው፥ በ7ኛው ወይም በ9ኛው ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አለማመዷቸው፤ የቀሩትን ግን 14 ሳምንት እስኪሞላቸው ድረስ አላቀረቧቸውም። እነዚህ የኋለኞቹ እንደ ዱር አውሬ ሰውን የሚሸሹ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ «ሌባ እንዲያባርር» ተብሎ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጓሮ ታስሮ፥ ከባለቤቱ በቀር ሰው ሳያይ የሚያድገውን ውሻ አስቡ። እንዲህ ያለው ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ የሚለይበትን ትምህርት አላገኘም። ልጁን የነከሰ ዕለት፥ ያልተከተበ ከሆነ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ያሠጋል፤ ይህም በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የውሻው ክትባት ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል።

ማስተዋል

እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ቡችላው ጫማውን ሲያኝክ ከበደ ተቆጣው።
ለ. ቡችላው ጫማውን ካኘከ በኋላ ከበደ ተቆጣው።

በ«ሀ» ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ተፈጽመዋል፤ ስለዚህ ቡችላው ቁጣውን ከማኘኩ ጋር ያያይዘዋል። በ«ለ» ግን ከበደ ከሥራው ሲመለስ ቡችላው ጫማውን ትቶ ሊቀበለው በር ላይ ቆሟል። ቁጣውን የሚያያይዘው ከከበደ መምጣት ጋር ነው! አንገቱን ሲደፋ «ጥፋቱን አወቀ» እንላለን፤ እርሱ ግን የፈራው የተቆጣውን ፊት ነው። (ማኘኩም ቢሆን ጥጋብ አይደለም፤ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ድረስ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው በ42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ ድዱ ይበላዋል። ጫማውን አንሥቶ እንዲያኝከው የተፈቀደለትን ነገር መስጠት ይበጃል።)

ሽልማትም እንዲሁ ነው። «ና» ሲባል ለሚመጣ ቡችላ ጉርሻው የሚሰጠው እንደመጣ፥ በአንድ ሁለት ሰኮንድ ውስጥ ነው። «እንደመጣ» እና «ከመጣ በኋላ» በትርጉም አይተካከሉም፤ የመጀመሪያው ጊዜ ጣልቃ አያስገባም።

መልመጃ

1. «ዓይኑ አልተገለጠም። የእናቱን ጡት ያገኛል።» በ«ሳይ-» አጣምሩ።
2. «14 ሳምንት ሞላቸው። እስከዚያ ሰው አልቀረባቸውም።» በ«እስኪ-» አጣምሩ።
3. «ውሻው ስለሚናከስ ይታሰራል» የሚሉ አሉ፤ «ስለሚታሰር ይናከሳል» የሚሉም አሉ። በሰፈራችሁ ታስሮ የሚውል አንድ ውሻ መርጣችሁ አስተዳደጉን ከቡችላነቱ ጀምሮ በጊዜ ቅደም ተከተል ጻፉ። ከ15 መስመር አይብለጥ። የምትጠይቁት ባለቤቱን ነው፤ ወደ ውሻው አትቅረቡ።