እንግሊዝኛውን ከእንሰቱ ጓሮ ጀምሪው

ልጄ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስተሽ እምድብር መመደብሽንና የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንደተሰጠሽ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። እኔም ዕድሜዬን በጠመኔ የጨረስኩ ሰው ነኝና ጥቂት ልበልሽ። እዚያ ያሉት የቸሃ ልጆች ቤት ውስጥ በጉራጊኛ፣ ገበያና ቢሮ በአማርኛ ነው የሚውሉት፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛቸው ነው። ዘጠነኛ ላይ ግን ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም የሚሰጠው በሱ ነው። ሰዋስው ብቻ ብታሸክሚያቸው ዝም ይሉሻል። የሚናገሩት ነገር ስጪያቸው፤ እሱም ደጃቸው ላይ አለ።

1. አለማወቅሽን ተጠቀሚበት። ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ አታውቂም፤ እነሱ ያውቃሉ። መምህር መልሱን እያወቀ ሲጠይቅ ተማሪ ይሰለቻል፤ የምር ስትጠይቂ ግን ሊያስረዳሽ ይታገላል። እንሰቱ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲብላላ ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ይጋገራል። ማን ፋቀው፣ ማን ጋገረው የሚል የለበትም፤ ስለዚህ ፓሲቭ ቮይስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ርዕስ አታገኚም። አንዷ የእናቷን አፋፋቅ በእጇ እያሳየች ትናገር፣ ሌላው ደረጃውን በሥዕል ያስፍር፣ ሦስተኛዋ ከየሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። ስለ ቡላና ስለ ቃጫ ሲጨምሩ አትከልክያቸው።

2. መጀመሪያ አፍ በፈቱበት ቋንቋ ይነጋገሩ። አምስት ደቂቃ በጉራጊኛ ተከራክረው የሚሉትን ካበጁ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገሩ። ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ባልደረቦችሽ ይቆጡ ይሆናል፤ የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን ነገር ንገሪያቸው። የኚህ የጉራጌ ተወላጅ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የተጻፈው በቸሃ ጉራጊኛ ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ «ሺኔጋስ ቪሌጅ» ተብሎ ታተመ። ከዚያ በኋላ ደራሲው «ዘ አፈርሳታ»ን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጻፉ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንግሊዝኛ የእነሱን መንደር የሚያክል ነገር እንደሚይዝ ይገባቸዋል።

3. አፈርሳታ ክፍል ውስጥ ይቆም። የመጽሐፉ ነገር ቀላል ነው፤ ናማጋ የተባለ ሰው ቤት በሌሊት ይቃጠላል፣ መንደርተኛውም ጥፋተኛውን ለማውጣት ይሰበሰባል። ይህን ወደ ተውኔት ቀይሪው። ስልሳ ተማሪ ቢኖርሽም አትደንግጪ፤ አፈርሳታ ራሱ ሕዝብ የሚወጣበት ጉባኤ ነው፣ ያለ ሥራ የሚቀመጥ የለም። ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፦ ቤቱ ሲቃጠል የት ነበርክ? ምን እየሠራሽ ነበር? ማን አየሽ? ተጠያቂው ሳይዘጋጅ መመለስ አለበት፤ ቃሉ ከጎረቤቱ ቃል ጋር ከተጋጨ ይያዛል። ፓስት ኮንቲኒየስ የተባለው ነገር በዚህች ሰዓት ያገኘውን ትርጉም በወር ልምምድ አያገኘውም።

4. ባህሉን እያሞገስሽ ብቻ አታስተምሪ። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ በጉራጌ ምድር፣ በጋብቻና በፍቺ ሴት እንደ ወንድ መብት ይኑራት ብላ የጆካ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት የተሟገተች ናት፤ ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክም ታይቷል። ክፍሉን ለሁለት ክፈይና ይሟገት። ‹ይህ ቢፈቀድ ምን ይመጣል? ባይፈቀድስ?› የሚለው ሙግት የኮንዲሽናል ዓረፍተ ነገር ቤቱ ነው። ወርድወትን ሴት ልጅ ትጫወት፤ ወንዶቹ ሽማግሌ ሆነው መልስ ይስጡ። ቀጥሎ ሚናቸውን ይለዋወጡ። ባህልን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ የሚማሩት ከአባቶቻቸው ሸንጎ ነው።

5. መስቀልንና አረፋን ጎን ለጎን አምጪ። ከአዲስ አበባና ከየከተማው ጉራጌው ለሁለቱም በዓላት ወደ አገሩ ይገባል። ክርስቲያኑ ስለ አረፋ፣ ሙስሊሙ ስለ መስቀል አሥር ጥያቄ አዘጋጅቶ ጓደኛውን ቃለ መጠይቅ ያድርግ፤ የሰማውንም ለክፍሉ ያቅርብ። እዚህ ላይ ተማሪ የሚሰናከለው በጥያቄ አወጣጥ ነውና ጥያቄዎቹን ቀድመሽ እዪለት። ስለ ሃይማኖቱ መናገር የማይፈልግ ልጅ ካለ ስለ ምግቡና ስለ ዘፈኑ ያውራ፤ ማንንም የወገኑ ቃል አቀባይ አታድርጊ።

6. የባህል ቀን ትምህርት አይደለም። ልብስ ተለብሶ፣ ተጨፍሮ፣ ክትፎ ተበልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ያልቃል፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይነገር። ጭፈራው ካለ እንኳ አንድ ተማሪ ለእንግዳ እንደሚያስረዳ ሆኖ ያስተዋውቀው፦ መቼ ይጨፈራል፣ እግር ምን ያደርጋል፣ ማን ይመራዋል። ጢያ ድረስ መሄድ ከቻላችሁ ከዚያ በላይ ነው። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ተማሪዎችሽ አስጎብኚ ይሁኑ፣ አንቺ ቱሪስት ሁኚ።

7. በተውኔት መሃል አታርሚ። ሽማግሌ ሆኖ የሚሟገት ልጅ ‹ሂ ጎ› ቢል ዝም በዪውና ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ሲያበቃ ሦስት ስህተት ያለ ስም ሰሌዳ ላይ አውጥተሽ ክፍሉ ያርማቸው። በየቃሉ የሚቆረጥ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም፤ ፈጽሞ የማይታረምም ስህተቱን ይዞ አሥራ ሁለተኛ ይደርሳል።

8. ፈተናውን አትናቂ። ርዕሰ መምህሩም ወላጁም «ይህ ጨዋታ ለማትሪክ ምን ይጠቅማል?» ማለታቸው አይቀርም፤ እውነት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱን ተውኔት ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ጋር አያይዢው። ሲያልቅ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ከዚያም ተማሪዎቹ ራሳቸው በዚያው ሰዋስው አምስት የምርጫ ጥያቄ ያውጡ። አሳሳች መልስ መፍጠር የቻለ ልጅ ፈተና ላይ በቀላሉ አይታለልም።

9. የሌላውንም አገር አሳያቸው። «ዘ አፈርሳታ» የወጣው ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ አርታኢ በነበሩበት የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ነው። ከአቼቤ ልብ ወለድ ስለ ቦዬ እርሻ የሚያወራውን ክፍል አንብቢላቸውና ከእንሰት ጋር ያወዳድሩት። የራሱን ያስረዳ ልጅ የሌላውን ለማንበብ አይፈራም።

10. የጻፉትን አትጣዪ። ዓመቱ ሲያልቅ ከየቡድኑ ምርጡን ሰብስበሽ፣ አርመሽ፣ በአንድ ደብተር አስገልብጪና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አኑሪ። የዘንድሮዎቹ ስለ እንሰት፣ ስለ ወርድወትና ስለ አረፋ የጻፉት ለመጪዎቹ ዘጠነኛዎች ምንባብ ይሁን። የታላቅ ወንድሙን እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ‹እኔስ ከሱ በምን አንሳለሁ?› ይላል፤ አንቺም ምንባብ ፍለጋ አትቸገሪም።