«ትርፍ ወስዳችኋል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ጥያቄ፦ እናቴና አባቴ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ሁለቱም ከ65 ዓመት በላይ ናቸው፤ ዜግነት ወስደዋል፤ ከኤስኤስአይ ሌላ ገቢ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አባቴ ሳይታሰብ አንድ ወዳጃቸው የሚሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ አገኙ። ታክስ ከመቆረጡ በፊት በወር 1,205 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው በኦክቶበር መጨረሻ አቆሙ። ታክስ እየተቆረጠ ስለሆነ መንግሥት ያውቀዋል ብለን ለሶሻል ሴኩሪቲ የተናገርነው ነገር የለም። አሁን 4,480 ዶላር መልሱ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። አባቴ ደግሞ «እቁቤን አውጥቼ ልክፈልና ልገላገል» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ አባትዎ እንዳይከፍሉ ያቆዩአቸው። ደብዳቤው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ይመረመራል። እርስዎ የጻፉልኝን ቁጥሮች ይዤ ስመረምረው ከዚህ ገንዘብ ውስጥ አንድ አራተኛው ዕዳቸው አይመስለኝም።

ኤስኤስአይ ሰው በሠራበት ዘመን ልክ የሚያገኘው ጡረታ አይደለም። የቤቱን ጉድለት አይቶ በየወሩ የሚሰፈር ድጎማ ስለሆነ ገቢ ሲጨምር ይቀንሳል። ለባልና ሚስት የፌዴራሉ ጣሪያ በ2025 በወር 1,450 ዶላር ነበር፤ በ2026 ወደ 1,491 ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ አባትዎ 1,205 ዶላር ስለሠሩ 1,205 ዶላር ተቆርጦ አይወሰድም። ሌላ ገቢ ከሌለ የመጀመሪያው 20 ዶላር፣ በደመወዝነቱ ደግሞ ተጨማሪ 65 ዶላር ይታለፋል። ከቀረው 1,120 ዶላር የሚቆጠረው ግማሹ፣ ማለትም 560 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ አባትዎ በትክክሉ አስታውቀው ቢሆን ኖሮ አበሉ በ560 ዶላር ይቀንስና ቤቱ ግን ታክሱን ሳንቆጥር በወር 645 ዶላር ተጠቃሚ ይሆን ነበር። ይህን የምዘረዝረው አባትዎ ሥራ መያዛቸውን እንደ ወንጀል እንዳያዩት ነው። መሥራት አልተከለከለም። የሚጠየቀው ለውጡን በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ማስታወቅ ነው፤ የጎደለው እሱ ነው።

አሁን 4,480ን ለ560 ያካፍሉት፤ 8 ወር ይመጣል። አባትዎ የሠሩት ግን 6 ወር ነው። በዚህ ፕሮግራም የአንድ ወር ደመወዝ በተለምዶ የሚነካው ከ2 ወር በኋላ ያለውን አበል ነው፤ ስለዚህ ከሜይ እስከ ኦክቶበር የተሠራው ከጁላይ እስከ ዲሴምበር የተከፈለውን አበል ይቀንሳል። ይህም 3,360 ዶላር ነው። ቀሪው 1,120 ዶላር የመጣው፣ እንደምገምተው፣ መሥሪያ ቤቱ አባትዎን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሥራ ላይ እንደነበሩ ስለቆጠረ ነው። መጀመራቸውን ያልሰማ ቢሮ ማቆማቸውን ከየት ይስማ!

ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋልና ይጠንቀቁ። አንደኛው «ሒሳቡ ስህተት ነው» የሚለው ይግባኝ ነው። የሚቀርበው ኤስኤስኤ-561 በተባለው ፎርም፣ ደብዳቤው በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን 5 ቀን በኋላ እንደደረሳችሁ ይገመታል። ሁለተኛው በተለምዶ ዌቨር የምንለው፣ «ዕዳው አለብን፣ ግን ይሰረዝልን» የሚለው ጥያቄ ነው። ፎርሙ ኤስኤስኤ-632 ሲሆን የጊዜ ገደብ የለውም። እናንተ ሁለቱንም ማቅረብ አለባችሁ፤ ለ1,120ው ይግባኝ፣ ለ3,360ው ደግሞ የስረዛ ጥያቄ። ለይግባኙ የአባትዎን የመጨረሻ ፔይ ስታብ እና አሠሪው ሥራ ያቆሙበትን ቀን ጠቅሶ የሚጽፈውን አጭር ደብዳቤ አያይዙ። ደብዳቤው ለእናትዎም ለአባትዎም በየስማቸው ከመጣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ያመልክቱ።

60 ቀን አለኝ ብለው ግን አይዘናጉ። ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ከገባ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከአበላቸው መቁረጥ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ ቢገባም የተጀመረው ቆረጣ መቆም ይገባዋል፤ ነገር ግን አንዴ የተቆረጠን ገንዘብ መልሶ ማግኘት አድካሚ ነው። ወረቀቱን በአካል ወስደው ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ።

የስረዛ ጥያቄው ዋናው ትግል ነውና እዚህ ላይ ልቆይ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትርፉ ሲከፈል ተቀባዩ ጥፋተኛ አለመሆኑ። ሁለተኛ፣ መልስ ቢባል ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገውን የሚያጣ መሆኑ፣ ወይም ማስመለሱ ከርትዕ ጋር የሚጋጭ መሆኑ። ሁለተኛው ለወላጆችዎ አስቸጋሪ አይደለም። ደንቡ ራሱ የአሁኑ ገቢው ከአበሉ ጣሪያና ከተለመዱት ጥቂት ተቀናሾች የማያልፍን ሰው ይህን መመዘኛ እንዳሟላ ይቆጥረዋል። አባትዎ ሥራ አቁመው በኤስኤስአይ ብቻ ስለሚኖሩ እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ፈተናው የመጀመሪያው ነው። ማስታወቅ የሚገባውን ያላስታወቀ ሰው በተለምዶ ጥፋተኛ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ አበሻ የማያውቀው አንድ የደንቡ ክፍል ይጠቅማችኋል። ጥፋት መኖር አለመኖሩ ሲመዘን የሰውየው ዕድሜ፣ የማስታወስና የመረዳት አቅም፣ የጤናው ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃው፣ እንዲሁም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችግሩ ግምት ውስጥ መግባት እንዳለበት ደንቡ በግልጽ ጽፏል። መብት ነውና ስትጠይቁ እንደ ልመና አትቁጠሩት።

ነገር ግን «እንግሊዝኛ አያውቁም» የሚል አንድ መስመር የትም አያደርስም። ታሪኩን በዝርዝር ይጻፉ። አባትዎ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማሩ? ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ማን ያነብላቸው ነበር? መጀመሪያ ሲያመለክቱ ስለ ሥራ ገቢ በአማርኛ ያስረዳቸው ሰው ነበር? ትርፍ የተከፈለበት ገንዘብ ለምን ዋለ፤ ለቤት ኪራይ? ለመድኃኒት? በየዓመቱ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚተረጉሙላቸው እርስዎ ከነበሩ ደግሞ ያንኑ ይናገሩ። ክርክሩን ያከብደዋል፤ አልሸሽግዎትም። ሐሰት መጻፍ ግን የዕዳን ጉዳይ ወደ ወንጀል ጉዳይ ይለውጠዋል።

«ታክስ እየተቆረጠ መንግሥት ያውቀዋል» ያሉት ነገር የማስታወቅ ግዴታቸውን አያስቀርም፤ ግዴታው የተቀባዩ ነው። ሆኖም አትጣሉት። ገቢውን ሊደብቅ የሚፈልግ ሰው በካሽ ይሠራል እንጂ በስሙና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ፔይ ስታብ እየተቀበለ አይሠራም። ቅን ልቡናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ነውና በዚያው መልክ አቅርቡት።

ጥያቄው ውድቅ ሊደረግ ሲል መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ወላጆችዎን ጠርቶ ፊት ለፊት የማነጋገር ግዴታ አለበት። ይህ መብት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሊፋኖ እና ያማሳኪ በተባለው መዝገብ የጡረታና የአካል ጉዳት ተቀባዮች የስረዛ ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ በቃል ሳይሰሙ ገንዘባቸው እንዳይቆረጥ ወስኗል፤ ለኤስኤስአይ ተቀባዮችም መብቱ ደንብ ሆኖ ሰፍሯል። ስለዚህ ሲጠሩ ይሂዱ። እኔ ባየሁት ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር ፊት ለፊት ይታያል፤ አንድ የ70 ዓመት አባት ጥያቄው ሁለት ጊዜ ካልተደገመለት የማይገባው መሆኑን ሠራተኛዋ በዓይኗ ስታይ ነገሩ ይለወጣል። የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲመደብ አስቀድመው ይጠይቁ። እርስዎ አብረው ይግቡ እንጂ አስተርጓሚ አይሁኑ፤ ልጅ ሲተረጉም የወላጁን መልስ ማሳመር ይቀናዋል። የስረዛው ጥያቄ ውድቅ ከተደረገም በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል፤ እስከ አስተዳደር ሕግ ዳኛ፣ ከዚያም እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ወደ እቁቡ ልመለስ። አባትዎ ከዕዳው ለመገላገል ብለው ሌላ ዕዳ እንዳይገቡ እሰጋለሁ። ኤስኤስአይ የሚቀበሉ ባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር በላይ፣ ነጠላ ሰው ደግሞ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚቆጠር ጥሪት ሊኖራቸው አይችልም። ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አንድ ዶላር አልጨመረም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ኪራይ ስንት እጥፍ እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ጥሪቱ የሚቆጠረው ወሩ ሲገባ በመጀመሪያው ቅጽበት ነው። የ10,000 ዶላር እቁብ በ28ኛው ቀን ደርሷቸው በሚቀጥለው ወር 1 ቀን ባንክ ውስጥ ከተገኘ ሁለቱም የዚያን ወር አበል አይገባቸውም ማለት ነው፤ ሌላ «መልሱ» የሚል ደብዳቤ ይወለዳል።

እቁብ በአሜሪካ ሕግ ዓይን ምን ዓይነት ገንዘብ ነው? የእኔ አቋም እንዲህ ነው። አባትዎ እስካሁን የጣሉት የራሳቸው ቁጠባ ነው። ቀድሞ ደርሷቸው ገና የሚጥሉት ቀሪ ካለ ግን ያ ብድር ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የብድር ገንዘብ ደግሞ በኤስኤስአይ ደንብ ገቢ አይደለም። ይሁንና ያልወጣው ብድር ወሩ ሲለወጥ ጥሪት ይሆናል። ስለዚህ የእቁቡ ሰብሳቢ የጣሉትንና የቀራቸውን በጽሑፍ ይስጣቸው፤ ገንዘቡም ከወጣ በዚያው ወር ለሚገባ ነገር ይዋልና ደረሰኙ ይቀመጥ። ለእርስዎ ወይም ለዘመድ በነጻ ማስተላለፍ መፍትሔ አይደለም፤ ከዋጋ በታች የተሰጠ ጥሪት እስከ 36 ወር አበል ሊያሳጣ ይችላል። ለአመቺነት ብለው የእናትዎን ስም በእርስዎ የባንክ ሒሳብ ላይ አስገብተው ከሆነም ያጣሩት፤ በውስጡ ያለው ሁሉ የእሳቸው እንደሆነ ይገመታል፣ ካልሆነ የማስረዳቱ ሸክም በእናንተ ላይ ይወድቃል።

እግረ መንገዴን፣ እንጀራና ወጥ ይዘውላቸው መሄድ አይቀንስባቸውም። ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ በሰው የሚሰጥ ምግብ በኤስኤስአይ ስሌት መቆጠሩ ቀርቷል። በእጅ የሚሰጧቸው ጥሬ ገንዘብ ግን ዛሬም ገቢ ነው።

ስረዛው ሳይሳካ ቢቀርስ? ማታለል እስከሌለ ድረስ ከኤስኤስአይ በየወሩ መቁረጥ የሚቻለው ከጠቅላላ ወርሃዊ ገቢያቸው 10 በመቶ ነው። ከ1,491 ዶላር ላይ 149 ያህል ነው፤ 3,360ው በ23 ወር ገደማ ያልቃል። ይህም ከከበደ ኤስኤስኤ-634 በተባለው ፎርም ወጪያቸውን ዘርዝረው እንዲቀነስላቸው ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በወር 56 ዶላር ቢሆን በ60 ወር ይከፈላል። (አንባቢዎቼ ሆይ፣ የጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ አበል የምትቀበሉ ከሆነ ይህ ልክ ለእናንተ አይሠራም። በ2025 መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ሙሉውን እቆርጣለሁ ብሎ በኋላ ወደ 50 በመቶ አውርዶታል፤ ስለዚህ ቶሎ ማመልከት ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋል።)

እናትዎን እንቅልፍ የነሳቸው የዜግነታቸው ጉዳይ ከሆነ፣ በትርፍ የተከፈለ አበል ራሱ ዜግነት አያስነጥቅም። እርስዎም የእነሱ ወኪል ተቀባይ ካልሆኑ ዕዳው ወደ እርስዎ አይተላለፍም። ስፖንሰር ሆነው ያመጧቸው እርስዎ ቢሆኑም እንኳ ዜግነት ካገኙ በኋላ ስለመጣው ለዚህ ዕዳ የስፖንሰርነቱ ግዴታ አይከተልዎትም።

በመጨረሻ ስለ ክፍያ። ለዚህ ጉዳይ በየአካባቢው ያሉ የነጻ ሕግ አገልግሎት ቢሮዎች አሉ፤ ከኤስኤስአይ ሌላ ገቢ ለሌላቸው ሰዎች በአብዛኛው ይከፈታሉ። ፎርም ሞልቼ፣ ቀርቤ እከራከራለሁ ብሎ በቅድሚያ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በሶሻል ሴኩሪቲ ፊት የሚወክል ማንኛውም ሰው፣ ጠበቃም ቢሆን፣ ከደንበኛው የሚወስደው የውክልና ክፍያ በመሥሪያ ቤቱ መፈቀድ አለበት። ፎርሞቹ ራሳቸው በነጻ ናቸው፤ በ1-800-772-1213 ደውለው አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ማመልከቻውንም ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን 30 ቀን ሳይሞላ ያስገቡ።