ቀስትን መገተር፣ ልብን መግራት
(ለወጣት ማኅበራት መሪዎችና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት)



በባዕድ አገር ልጅ የምናሳድግ ሁሉ በየስብሰባችን የምናነሣው አንድ ጭንቀት አለ። እርሱም ልጆቻችን ከእኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሥራ እያነሰ መሄዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ወላጅና ልጅ በአንድ መስመር ላይ ሊቆሙበት ስለሚችሉት የቀስት ትምህርት እንመለከታለን።

«ከጦርነት ያመለጥን ሰዎች ለልጆቻችን የጦር መሣሪያ እንዴት እንሰጣለን?» የሚል ወላጅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ የሚመዘነው በያዘው ሰው አሳብ ነው። ዮናታን ሦስቱን ፍላጾች የወረወረው ሰው ለመግደል ሳይሆን ወዳጁን ዳዊትን ከሞት ለማስጠንቀቅ እንደ ነበረ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 20 እናነባለን። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2002 በኬንታኪ ግዛት በ21 ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተስፋፋው የተማሪዎች የቀስት ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ሥርዓትን ነው።

፩. ስለ ስያሜው

በዕለት ንግግራችን የሚገተረውንም የሚወረወረውንም «ቀስት» ስለምንል ልጆች ይደናገራሉ። የሚገተረው ቀስት ወይም ደጋን፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ጅማት፣ የሚወረወረው ፍላጻ፣ የፍላጻው መያዣ ኮሮጆ፣ የሚመታው ዒላማ ይባላል። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትም መሣሪያ ደጋን እንደሚባል ቢነገራቸው ቃሉን አይረሱትም።

፪. ስለ ጥንቃቄ

ከእጅ የወጣ ፍላጻ አይመለስም። ስለዚህ በመወርወሪያው ስፍራ የሚታዘዙት ለፊሽካ ነው። ሁለት ጊዜ ሲነፋ ተማሪዎቹ ቀስታቸውን ይዘው ወደ መስመሩ ይቀርባሉ። አንድ ጊዜ ሲነፋ ይወረውራሉ። ሁሉም ጨርሰው ቀስታቸውን ካስቀመጡ በኋላ ሦስት ጊዜ ሲነፋ፣ ሳይሮጡ ሄደው ፍላጻቸውን ይሰበስባሉ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፋ ግን አደጋ አለ ማለት ነውና፣ የገተረም ቢሆን ሳይለቅ ጅማቱን ቀስ ብሎ መልሶ ፍላጻውን ወደ ኮሮጆው ያገባል።

ከዚህም ጋር የሚከተሉት ይጠበቁ፦

ሀ) ቀስት ያለ ፍላጻ ተገትሮ አይለቀቅ፤ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ወደ ቀስቱ ስለሚመለስ ሊሰብረው ይችላል።
ለ) የተሰነጠቀ ፍላጻ አይወርወር።
ሐ) ፍላጻ ሲነቀል ነቃዩ ከጎን ይቁም፤ አንድ እጁን በዒላማው ላይ አሳርፎ በሌላው ቀጥ አድርጎ ይሳብ፤ ከኋላው ማንም አይቁም።
መ) ከዒላማው በስተኋላ ሰው የማያልፍበት ስፍራ ይመረጥ።
ሠ) የሠለጠነ አስተማሪ ይኑር፤ የአካባቢው ሕግና የመድን ጉዳይ አስቀድሞ ይጠየቅ።

፫. ስለ አያያዙ

መጀመሪያ የትኛው ዓይን እንደሚመራ ይታወቅ። ልጁ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይተውና በሁለት ዓይኑ በሩቅ ያለ ነገር ይመልከት። ከዚያ ዓይኖቹን ተራ በተራ ሲጨፍን፣ ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚታየው በመሪው ዓይን ነው። ቀኝ ዓይኑ የሚመራው ጅማቱን በቀኝ እጁ ይሳባል፤ ግራው የሚመራው በግራ እጁ።

ለጀማሪ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ግራም ያህል የመሳቢያ ኃይል ያለው ቀስት ይበቃል። ከላይ የጠቀስነው የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚደረገው በ10 እና በ15 ሜትር ርቀት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዒላማ ነው። ጀማሪዎች ግን ከዚህ ቀርበው ቢቆሙ ይመረጣል።

ልጁ ጎኑን ለዒላማው ሰጥቶ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ ይቁም። አንድ ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለት ጣት ከፍላጻው በታች አድርጎ ጅማቱን ይያዝ። እጁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በከንፈሩ ጥግ፣ እስኪያርፍ ይሳብ፤ ጥቂት ረግቶም ጣቶቹን ያላላ። ፍላጻው ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቀስት የያዘው ክንድ ከቦታው አይውረድ።

፬. ስለ መሳት

ጀማሪ ሁሉ ይስታል። ጥሩ አስተማሪ ግን መካከሉ ተመታ ወይ ብሎ አይጀምርም፤ ፍላጾቹ አንድ ላይ አርፈዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም በግራ በኩል ተቀራርበው ቢያርፉ፣ አንዱ መካከል ገብቶ ሁለቱ ከሚበታተኑ ይሻላል። ስሕተቱ አንድ ዓይነት ከሆነ መንሥኤው ይገኛል፤ መንሥኤው ከተገኘም ይታረማል።

በዕብራይስጥ «ኃጢአት» የሚለው ቃል ከመሳት ጋር አንድ ሥር አለው። በመሳፍንት 20፥16 ስለ ብንያም ወንጭፈኞች አለመሳት የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ የሳተ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይዘለፍ፤ ተመልሶ በመስመሩ ይቁም፣ ሌላ ፍላጻም ይሰጠው። ቤታችን ውስጥም ለሳተ ልጃችን የምናደርገው ይህንኑ ሊሆን ይገባል።

፭. ስለ ዕረፍት

በአበው ዜና እንደሚነገረው፣ አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ ተሰናከለ። እርሳቸውም ቀስቱን እንዲገትር ደጋግመው አዘዙት። ከልክ በላይ ቢገተር እንደሚሰበር አዳኙ በተናገረ ጊዜ፣ ሰውም እንዲሁ መሆኑን አስረዱት። ዛሬም የእንጨት ቀስት ያላቸው ከልምምድ በኋላ ጅማቱን ያላሉታል።

ልጆቻችን በሳምንቱ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ አማርኛ፣ እሑድ ቅዳሴ አለባቸው። ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይላላ የሚገተር ቀስት እንዳይሆኑብን እናስተውል። መዝሙር 126 ልጆችን በኃያል እጅ እንዳሉ ፍላጾች ይመስላቸዋል። ፍላጻ ደግሞ በኮሮጆ ሊቀር አልተሠራም፤ አንድ ቀን ከእጃችን ይወጣል። እኛ የምንችለው በእጃችን ሳለ አቅጣጫውን ማቅናት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጃችን ሲስት የመጀመሪያው ቃላችን ምንድር ነው?
2. ለልጆቻችን የዕረፍት ጊዜ መድበናልን?
3. በወር አንድ ቀን ከልጆቻችን ጋር ምን ልንሠራ እንችላለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።