ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት ሞተሩን ለማስፈታት አይቸኩሉ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። በርበሬና በቆሎ የሚገዛው ነጋዴ ገጠር ይወርድበታል፤ ደላላውም ሻጭና ገዢ ያገናኝበታል። ሞተሩ ሲቆም ገቢውም ይቆማል።

የመለዋወጫ ወጪም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ያለ ምርመራ መቀየር ዛሬ የከበደ ኪሳራ ነው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ባለንብረቱ ከፋብሪካው የተለየ ዕቃ ካስገጠመ በኋላ ነው። ከፍ ያለ መሪ፣ ጠንካራ ሞላ፣ የሌላ ሞዴል ዲስክ ወይም የጥርሱ ቁጥር የተለየ ፒኞን ይገባል። ቀጥሎ «ካምቢዮው ሄዷል» ይባላል። ደንቡ ግን አንድ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በመጨረሻ የተነካው ነው።

የበሽታው ዓይነት

ፍሪሲዮን በሞላ ኃይል የሚጣበቁ ዲስኮች አሉት። መያዣው ሲጨበጥ ዲስኮቹ ይላቀቁና ሞተሩ ከካምቢዮው ይለያል። ስለዚህ ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ በደንብ አለመያዝ ወይም በደንብ አለመልቀቅ።

ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ማርሽ ሲገባ የሚንገጫገጭ፣ ፎሌ የሚያስቸግር፣ መያዣው ተጨብጦም ወደ ፊት የሚሳብ ከሆነ ደግሞ አልለቀቀም።

ከርካሹ ወደ ውዱ

አንደኛ፣ ካቦውን ይመልከቱ። መያዣው ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል፤ ልኩ በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል። ባዶ ጉዞ ከሌለው ይንሸራተታል፤ ከበዛ አይለቅም። ከፍ ያለ መሪ ሲገባ የድሮው ካቦ ይወጠራል ወይም ይታጠፋል። መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ውጥረቱ ከተለወጠ ጥፋቱ ከካቦው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከእጅ ዋጋ በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ዘይቱን ይጠይቁ። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የፍሪሲዮን ዲስኮች የሚሠሩት በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ዲስኩን ሊያንሸራትት ይችላል። በጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 የሚል የጃፓን ደረጃ ይፈልጉ። ኤም ቢ የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የእግር ማርሹን ይፈትሹ። ሌቫው ተፈትቶ ሲመለስ ቦታውን ከሳተ እግር ሙሉ ጉዞውን አይጨርስም፤ ማርሹም ይዘላል። ካምቢዮው ግን ደህና ነው።

አራተኛ፣ ፒኞኑን ይቁጠሩ። 14 ጥርስ የነበረው ፒኞን በ15 ቢተካ በተመሳሳይ የሞተር ዙር ፍጥነቱ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የመጎተት ኃይሉ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ረዘም ላለ ጊዜ ያሻሸዋል፤ ዲስኩም ቶሎ ይቃጠላል። ለሜዳ ያተረፈው ለዳገት ከሰረ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሽፋኑ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ የዲስኩ ውፍረትና የሞላው ርዝመት ከመመሪያው ጋር ይለካል። አዲስ ዲስክ ከመገጠሙ በፊት ዘይት መጠጣት አለበት፤ በደረቁ ከገባ ይጣበቃል፣ ይቃጠላል። ጠንካራ ሞላ መንሸራተትን ቢያስቆምም መያዣውን ያከብዳል፣ ካቦውንም ቶሎ ይበላል።

ለገዢና ለሻጭ

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ ይሞክረው፤ ከፋብሪካው የተለየ ምን እንደገባበት ይጠይቅ፤ የወጣውንም ዕቃ ያስረክቡት። መለዋወጫ ሻጭም በደረሰኙ ላይ የሞተሩን ሞዴል ቢጽፍ «አልገጠመም» በሚል የሚነሳ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ባለንብረቱም በአንድ ጊዜ ከአንድ ዕቃ በላይ አያስቀይር። ሦስት ዕቃ አንድ ቀን ከተለወጠ ጥፋተኛውን ለመለየት ሦስቱንም መፍታት ግድ ይሆናል፤ የሦስቱም የእጅ ዋጋ የሚወጣው ከባለንብረቱ ኪስ ነው።